«እኔ ምንም አላደረግኩም»

ትናንት ማታ ልጄ የነገ ደብተሮቿን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ነበር። ድንገት «እማዬ፣ ክፍላችን አንድ ልጅ አለ፣ ሁሌ ሙድ ይይዙበታል» አለችኝ። ምን እንደሚያደርጉት ጠየቅኳት። ቦርሳውን ነጥቀው ይቀባበሉታል አሉ። እሱ ወደ አንዱ ሲሮጥ ወደ ሌላው ይወረውሩታል፣ የሚተዉት ደክሞት መሬት ላይ ቁጭ ሲል ብቻ ነው።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔ ምንም አላደረግኩም።»

ይቺ መልስ እንቅልፍ ነሳችኝ። እኔም በሷ ዕድሜ እያለሁ ምንም አላደረግኩም ነበርና።

እኛ ክፍል ሲያነብ የሚንተባተብ ልጅ ነበር። መምህሩ ስሙን ሲጠሩ፣ ገና መጽሐፉን ሳይገልጥ፣ ከኋላ ሳቅ ይጀምራል። «መ... መ... መ...» እያሉ ይቀድሙታል። አንድ ቀን መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞት ገጹ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፣ እስከዛሬ ከአይኔ አልጠፋም። ቀና ብሎ አንድ በአንድ ያየን ጀመር፣ ማን እንደሚስቅ ማን እንደማይስቅ የሚለይ ይመስል ነበር። እኔ ጋ ሲደርስ ሳቅኩ። አስቆኝ አይደለም፣ ካልሳቅኩ ነገ ተራው የኔ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነው። ከመንፈቀ ዓመቱ እረፍት በኋላ ልጁ አልተመለሰም። የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም።

ስለዚህ ነገር ማንበብ የጀመርኩት ወላጅ ከሆንኩ በኋላ ነው። ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች ልጆች ሜዳ ላይ ሲጫወቱ በካሜራ ቀርፀው ያዩትን በ2001 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። አንድ ልጅ ሲጠቃ ከ100 ጊዜ 88ቱን ሌሎች ልጆች ቆመው ያያሉ። ጣልቃ የገቡት ግን 19 በመቶው ላይ ብቻ ነው። ደግሜ ደጋግሜ ያነበብኩት ቀጥሎ ያለውን ነው፦ ልጆች ጣልቃ ከገቡባቸው ጊዜያት ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። አስር ሰከንድ! እኔ የሳቅኩት ከዛ በላይ ነው።

ግን ሸክሙን ሁሉ ልጅ ላይ መጣል ልክ አይመስለኝም። ኖርዌይ ውስጥ በ1982 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሦስት ታዳጊዎች ሕይወታቸውን አጠፉ፣ መንስኤውም የእኩዮቻቸው ጥቃት ሳይሆን እንደማይቀር ታመነ። ሀገሩ ደነገጠ። በቀጣዩ ዓመት ዳን ኦልቬየስ የሚባል ተመራማሪ በርገን ከተማ 42 ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሥራ ጀመረ። የሠሩት ነገር ተራ ነው፦ በእረፍት ሰዓት ትልልቅ ሰዎች ሜዳው ላይ ይገኛሉ፣ ክፍሉ የራሱ ደንብ ይኖረዋል፣ በየጊዜው ቁጭ ብለው ያወራሉ፣ አጥቂውንና ወላጆቹን ለብቻ ያናግራሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ጥቃቱ በግማሽ ገደማ መቀነሱን ኦልቬየስ ዘግቧል። ፊንላንድ ውስጥ ደግሞ ኪቫ በሚባለው ፕሮግራም መምህሩ ክፍሉ የሚወዳቸውን ጥቂት ልጆች ጠርቶ ከተጠቂው ጎን እንዲሆኑ ይለምናቸዋል።

ይሄን ሁሉ እያወቅን እኛ ወላጆች አሁንም «አንተም መልሰህ ምታው» እንላለን። በጣም ያናድደኛል። መምታት ቢችል ኖሮ መጀመሪያም አይነኩትም ነበር! «ናቃቸው፣ ተዋቸው» ማለትም ያው ነው፣ ብቻህን ቻለው እንደማለት። ለመምህር የተናገረውን ልጅ ደግሞ አሳባቂ እንለዋለን፣ ሰው ለማስቀጣት መናገርና ሰው ለማዳን መናገር አንድ ይመስል።

ዛሬ ጠዋት የክፍል ኃላፊ መምህሯ ጋ ደወልኩ፣ ነገ እንገናኛለን። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ልጄን አጠገቤ አስቀመጥኳት። ከጉልበተኞቹ ጋር እንድትጋፈጥ አልጠየቅኳት፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እንዳትስቅ፣ ሲያልቅ ሄዳ አጠገቡ እንድትቀመጥ፣ ለመምህሯ እንድትናገር ብቻ ነው ያልኳት።

«ቢስቁብኝስ?» አለች።

«ሊስቁብሽ ይችላሉ» አልኳት። መዋሸት አልፈለግኩም።

ትንሽ ቆይታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቦርሳው ወደኔ ሲወረወርስ?»

ያኔ ገባኝ።

«ስንቴ እጅሽ ገብቷል?»

«ሁለቴ» አለችኝና እንባዋ መጣ። አቀፍኳት። እኔም ስለዛ ስለሚንተባተበው ልጅ ነገርኳት፣ መሳቄንም ሳልደብቅ።

«ለሱ መልሺለት» አልኳት፣ «በእጁ።»