ውስጥ ወይስ ውጭ?

ቦስተን፣ ሐሙስ ኤፕሪል 25፣ 2024

እናቴ ትናንት ከሰዓት ደወለች። እስራኤል፣ ሬሆቮት ከተማ መሽቷል፣ ፀሎቷን ጨርሳ መሆን አለበት። ስለ ፈተና የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር።

«ሀብልሽ የት ነው?» አለችኝ።

«አንገቴ ላይ ነዋ እማዬ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ከሸሚዝሽ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?»

ሀብሉ ላይ ትንሽዬ የዳዊት ኮከብ አለች። ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ነርስ ሆኜ የመጀመሪያ ደሞዜን ስቀበል የገዛኋት ናት። ሬሆቮት እያለሁ መኖሯንም እረሳት ነበር። እዚህ ግን ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ እወስናለሁ። ውስጥ ወይስ ውጭ?

ለእናቴ «ውስጥ ነው» አልኳት። ዋሸሁ። ከሰኞ ጀምሮ ውጭ ናት። ግን ከፊቱ ልጀምር።

በ40 ዓመቴ ተማሪ ሆኜ እዚህ የመጣሁት በኦገስት 2023 ነው፣ የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ ልማር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ከ8 ዓመቴ ጀምሮ የለመድኩት እሱን ነው።) ሁለት ወር ሳይሞላኝ ኦክቶበር 7፣ ሐማስ እስራኤልን ያጠቃበት ቀን መጣ። የእህቴ ልጅ ለመጠባበቂያ ጦር ተጠራ። ሌሊት ሌሊት ስልክ አቅፌ አድር ጀመር።

በዚያ ሰሞን ነው አርብ ማታ ሰው ናፍቆኝ ግቢያችን አጠገብ ወዳለው የአይሁድ ተማሪዎች ቤት የሄድኩት። ኢትዮጵያ ውስጥ ግቢ ጉባኤ የሚባለው ዓይነት ነገር ነው፤ ይፀለያል፣ ይበላል፣ ልጆቹ ይተጫጫሉ። በሩ ላይ ጠባቂ አለ። በ2018 ፒትስበርግ ምኩራብ ውስጥ 11 ሰዎች ከተገደሉ ወዲህ በብዙ ቦታ እንዲህ ነው አሉ። ጠባቂው በጣም ትሁት ሰው ነው። አየኝና ፈገግ ብሎ «የወጥ ቤት ሠራተኞች በኋላ በር ነው የሚገቡት» አለኝ።

ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ገባሁ። ገበታው ላይ አንዱ ጎረምሳ «አንቺ ደግሞ እንዴት ነው አይሁዳዊት የሆንሽው?» አለኝ። እንጀራው ከምን ይሠራል ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀኝ፣ ክፋት የለውም። እኔም እንደ አስጎብኚ ነገርኩት። ጎንደር፣ ወለቃ፣ ቄሶቻችን፣ በግዕዝ የምናነበው ኦሪት፣ ሜይ 1991 ላይ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ የተጫነበት አውሮፕላን። አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ኖቬምበር 13 ለስግድ በዓላችን ዳቦ ጋግሬ ስሄድ ጠባቂው በስሜ ጠራኝ። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሰው ነኝ ማለት ይቻላል።

ከቤቱ ውጭ ያለው ነገር ግን ሌላ ነው። ጠቆር ያለ ሰው አይሁዳዊ ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም። ስለዚህ አይሁድ የለም ተብሎ የሚወራውን ሁሉ እኔ እሰማዋለሁ።

ዲሴምበር 5 የሃርቫርድ፣ የፔንሲልቫኒያና የኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲዎች ፕሬዝዳንቶች የአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀርበው ነበር። አይሁድ ይጨፍጨፉ ብሎ መጥራት የትምህርት ቤታችሁን ደንብ ይጥሳል ወይ ተብለው ተጠየቁ፤ እንደ አገባቡ ነው አሉ። ከአራት ቀን በኋላ የፔንሲልቫኒያዋ ለቀቀች፣ ጃንዋሪ 2 ደግሞ የሃርቫርዷ። ያን ሰሞን አንድ የክፍል ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጦ ዜናውን በስልኩ ያያል። ጎበዝ ልጅ ነው። ስታቲስቲክስ ያስጠናኛል። እሱ ባይኖር የመጀመሪያውን ሴሚስተር አላልፍም ነበር። ስልኩን አጠፋና «ከኋላ ሆነው ሁሉን የሚዘውሩት እነሱ ናቸው። ገንዘቡ የነሱ ነው። እኔና አንቺ ምን እናመጣለን?» አለኝ።

እኔና አንቺ!

ሹራብ ለብሻለሁ፣ ሀብሉ ከሥሩ ነው። «እህ» አልኩና ቡናዬን ጠጣሁ።

ያቺ «እህ» ከዚያ ቀን ጀምሮ አላስተኛችኝም። ሰውዬው ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በማግስቱ «ያልገባሽ ጥያቄ አለ?» ብሎ ደወለልኝ። እንደ ወትሮው አስጠናኝ። እኔም አጠናሁ።

አያቴን ያሰብኳት ያኔ ነው። ወለቃ ሸክላ ትሠራ ነበር፤ ምጣድ፣ ጀበና፣ እንስራ። ባሏ ቀጥቃጭ ነው። ቀን ቀን ገበሬው ማረሻውን ይዞላቸው ይመጣል፣ ጠላ ይጠጣል፣ ያወጋል። ማታ ልጁ ካተኮሰው ደግሞ «የፈላሻ ዓይን ነው፣ ቡዳ በልቶት ነው» ይባላል። ሌሊት ጅብ ሆነው ይወጣሉ ይሉ ነበር። ያው ሰውዬ ነው እኮ! ማረሻው ሲዶለዱም ተመልሶ ይመጣል። አያቴ የሰው ሕፃን ትኩር ብላ አታይም ነበር። ሬሆቮት ከመጣንም በኋላ፣ እኔ የምሠራበት የሕፃናት ክሊኒክ ስትመጣ፣ ተራ ጠባቂ እናቶች ልጃቸውን ሲያሳዩዋት መሬት መሬት ታያለች። «ነይ እዪው እንጂ፣ እዚህ እኮ ማንም ምንም አይልሽም» እላታለሁ። አትሰማኝም።

ማንም ምንም አይልሽም ማለቴም ልክ አልነበረም። በ1996፣ 13 ዓመቴ ሳለ፣ የኛ ሰዎች የለገሱት ደም በበሽታ ፍራቻ በስውር ሲጣል መኖሩ በጋዜጣ ወጣ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ኢየሩሳሌም ሄዶ ጮኸ። አባቴም ሄዶ ነበር፣ በአስለቃሽ ጭስ ዓይኑ ቀልቶ ተመለሰ። ነርስ እሆናለሁ ያልኩት ያን ቀን ይመስለኛል። ይህን የምጽፈው አገሬን ለማሳጣት አይደለም። ጥላቻ የአንድ አካባቢ ምርት አለመሆኑን ቀድሜ አውቅ ነበር ለማለት ያህል ነው። እዚሁ ከተማ አንዷ አበሻ ወዳጄ፣ የምወዳት ልጅ፣ ቡና እያፈላች «እስራኤል ማደግሽን አውቃለሁ፣ ግን ፈላሻ አይደለሽም አይደል?» ብላኛለች። ነኝ አልኳት። ስኒው እጇ ላይ ቀረ። ከዚያ ሦስተኛውን አጠጣችኝ፣ እስከ በረካው።

ፎቃችን ላይ ከኔ ሌላ አንዲት አይሁዳዊት አለች፣ 20 ዓመቷ ነው፣ ከኒው ጀርሲ። በሯ መቃን ላይ መዙዛ ነበራት፣ የኦሪት ቃል የተጻፈበት ብራና ያለበት ትንሽ ማኅደር። ፌብሩዋሪ ውስጥ አንድ ጠዋት ተነቅሎ ጠፋ። ብራናው ተቀዶ ደረጃው ላይ ተገኘ። ለሚመለከተው ክፍል አመለከተች፤ ቅጽ አስሞሏት። እስከ ዛሬ ሌላ መልስ የለም። እኔ የራሴን መዙዛ ከመጀመሪያውም በሩ ላይ አልሰቀልኩም ነበር፣ ሻንጣዬ ውስጥ ነው። ይህን ስነግራት አልፈረደችብኝም። ቅድመ አያቷ በ1920ዎቹ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ሞክረው ሳይሆንላቸው እንደቀረ አጫወተችኝ። በኋላ ሳነብ የዘመኑን ነገር አገኘሁት። በ1922 የሃርቫርዱ ፕሬዝዳንት ሎዌል የአይሁድ ተማሪ በዛ፣ ገደብ ይበጅለት አለ። በግልጽ ሳይሳካለት ሲቀር የአመልካቹን ፎቶና «ጠባይ» ማየት መጣ። እዚህ ቅርብ ዋልታም ያለው ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ በ1948 የተከፈተው በር የተዘጋበት ሰው ሁሉ እንዲገባበት ነው። በአውቶቡስ ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፌያለሁ፣ አላወቅኩም ነበር።

ባለፈው ሳምንት የጋዛን ጦርነት የሚቃወሙ ተማሪዎች ኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ድንኳን ተከሉ፣ ወደኛም ደረሰ። ስለ ድንኳኑ የተደባለቀ ስሜት አለኝ። ውስጡ ያሉት ሁሉ ጠላቶቼ አይደሉም። ጋዛ ለሚሞት ሕፃን ማልቀስ አይሁድን መጥላት አይደለም፤ እኔም የሕፃናት ነርስ ነኝ፣ አለቅሳለሁ። ኮሎምቢያ ድንኳን ውስጥ የፔሳሕን (የአይሁድ ፋሲካን) ማዕድ ያሰናዱ አይሁዳውያን ተማሪዎችም ነበሩ። ክፍላችን ውስጥ ያለችው ፍልስጤማዊት ኮሪደር ላይ ስንገናኝ አጎቷ መሞቱን ነገረችኝ። «እግዚአብሔር ያፅናሽ» ማለት በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ጠፋኝ። እጇን ያዝኩ። አልነጠቀችኝም።

ግን ከኮሎምቢያ በር ውጭ የተቀረጸ ቪዲዮም አየሁ። አንዱ አይሁድ ተማሪዎች ላይ «ወደ ፖላንድ ተመለሱ!» ብሎ ይጮሃል። ለብቻዬ ሳቅኩ። የኔ ፖላንድ ወለቃ ናት። እዚያ ደግሞ ወደ ኢየሩሳሌም ሂዱ ይሉን ነበር።

ሰኞ ማታ ፔሳሕ ገባ። የኒው ጀርሲዋን ልጅ ጠርቼ ቂጣ ጋገርኩ፣ አያቴ እንደምታደርገው ሳላቆየው፣ በስሱ። አገር ቤት በዚህ በዓል የድሮው ሸክላ ተሰብሮ በአዲስ ይተካ ነበር። አያቴ ሸክላ ሠሪ ስለሆነች ደስ እያላት ነበር የምትሰብረው አሉ። እኔ የምሰብረው ሸክላ የለኝም። ልጅቷ ቂጣውን እየበላች የመዙዛዋን ነገር አነሳች፣ ሌላ ልትሰቅል እንደሆነ። ከሄደች በኋላ ሀብሌን ከሸሚዜ አወጣሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ያ የክፍል ጓደኛዬ ሊፍት ውስጥ አገኘኝ። ሁለታችን ብቻ ነን። ዓይኑ አንገቴ ላይ አረፈ።

«እንዴ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«አይሁዳዊት ነኝ። ዲሴምበር ላይ ልነግርህ ይገባ ነበር።»

«ግን አንቺ እኮ…» አለና ፊቴን፣ እጄን አየ። አልጨረሰውም። ሊፍቱ ሦስት ፎቅ ሙሉ ዝም ብሎ ወጣ። ዲሴምበር የተባለው ነገር ትዝ ሲለው ታወቀኝ፣ ጆሮው ቀላ።

በሩ ሲከፈት ቀድሜ ወረድኩ። ከኋላዬ «የአርቡ ጥናት አለ አይደል?» አለኝ።

«አርብ ሰንበት ይገባብኛል» አልኩት። «ሐሙስ እናድርገው።»

ሐሙስ ዛሬ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤተ መጻሕፍት ቀጥሮኛል። አሁን አሥር ተኩል ሆኗል፣ ጃኬቴን ለብሼ ልወጣ ነው።