ስለ አባባ፣ ስለ ዘነዘናውና ስለ ስኳር ደብተሩ

አባባ ካረፈ ዓመት ሞላው። ለሙት ዓመቱ ድሬዳዋ ሄጄ ትናንት ወዲያ ተመለስኩ። ስለ እሱ ልጽፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ለቅሶ ላይ የመጣው ሰው ሁሉ «ደግ ሰው ነበር» ይለን ነበር። እውነት ነው፣ ደግ ነበር። ግን ደግነቱ በየቀኑ ምን ይመስል እንደነበር ካልተነገራቸው የልጅ ልጆቹ ከስሙ በቀር የሚቀርላቸው ነገር የለም። ስለዚህ ያየሁትን ልጻፍ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። አባቴን «አንተ» እያልኩት ነው ያደግኩት። አዲስ አበባ ስመጣ የሥራ ጓደኞቼ በስልክ ሳወራው ሰምተው ይደነግጡ ነበር። ድሬ ላይ አንቱታ እንደ መራቅ ነው የሚቆጠረው። አንድ ጊዜ እኔም የዚህን አገር ለምጄ «እንዴት ነዎት?» ብዬው ዝም አለ። ከዚያ «ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ሁለተኛ አልደገምኩትም።

አባባ የባቡር ሰው ነበር። ድሬዳዋ ራሷም የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር ሊገባ ታስቦ ተራራው አላስወጣ ሲለው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ከተራራው ሥር ቆመ፤ የቆመበት ቦታ ከተማ ሆነ። አዲስ አበባ እስኪደርስ ደግሞ ሌላ 15 ዓመት ፈጀበት። ሲጠቃለል 784 ኪሎ ሜትር። ይቺን ቁጥር አባባ ልጆቹንም የልጅ ልጆቹንም አስጠንቷል፤ ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ «ሰባት መቶ ሰማንያ አራት» ስትለው ፊቱ የሚበራውን ነገር ብታዩት። የተቀጠረው በ1953 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ነው። ጡረታ እስኪወጣ 37 ዓመት ሙሉ ጥገና ክፍል ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫው ማሽን ላይ ቆሞ ሠራ። የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ትምህርት ቤት ያልተማረውን ፈረንሳይኛ ከመዝገብና ከአለቆቹ አፍ እየለቃቀመ ቻለው። ማታ የከዚራን ዛፎች ጥላ ጥላውን ይዞ ሲመጣ ሳናየው በፊት የግራሶ ሽታው ይደርሰን ነበር።

እማዬን ባገባ በዓመቱ የሠራላት ዘነዘና አለ። አስፈቅዶ ከተጣለ ብረት ነው የሠራው። ከመጀመሩ በፊት የእጇን መዳፍ በክር ለካ፤ ክሩን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሄደ። እጇ ትንሽ ስለሆነ መሃሉን ቀጠን፣ ጫፉን ወፈር አድርጎ አወጣው። የቤታችን ቡና ከ50 ዓመት በላይ በእሱ ነው የተወቀጠው። መያዣው በእማዬ እጅ ተወልውሎ ተወልውሎ እንደ ብር ያበራል። ቀለበቷ ከጠፋ ቆየ፣ ለቀለበቱም ያን ያህል አላዘነችም። ዘነዘናውን ግን ለጎረቤት እንኳን አታውስም። እማዬ የያዘችውን የማትሰጥ ሴት አይደለችም፤ ይቺን ብቻ ነው።

የ1998ቱን ጎርፍ የድሬ ሰው አይረሳውም። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መጣና ከ250 በላይ ሰው ሞተ። የእኛን ቤት አልነካውም። አባባ ጎህ ሲቀድ ወጣ፤ የተመለሰው ሊመሽ ሲል ነው፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ ሦስት ሕፃናት ይዞ። የአንድ የሥራ ባልደረባው የልጅ ልጆች ነበሩ። እናታቸው ቆስላ ሆስፒታል መሆኗ የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ልጆቹ አንድ ወር እኛ ጋ ቆዩ። አባባ ያን አንድ ወር አልጋውን ለእነሱ ለቆ መሬት ተኛ። በዚያ ቀን ምን እንዳየ አንድም ጊዜ ሲያወራ አልሰማሁትም፣ እኛም አልጠየቅነውም።

በዓመቱ እማዬ ስኳር ተገኘባት፤ ሳይቆይ ኢንሱሊን ታዘዘላት። እማዬ መርፌ ማየት አትችልም። እኛ ደግሞ ሁላችንም በየፊናችን ሄደን ነበር። አባባ ነርሷን «ለእኔ አስተምሪኝ» አላት። ከቀፊራ ብርቱካን ገዝቶ መጥቶ ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ በመርፌ እየሞላ ብርቱካን ሲወጋ ሰነበተ። ያ የብረት ሰው፣ የሚሊ ሜትር ልዩነት በዓይኑ የሚለይ ሰው፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር አለችኝ እማዬ። በአራተኛው ቀን በባዶ መርፌ መጀመሪያ የራሱን ሆድ ወጋ። ከዚያ «አያምም፣ ነይ» አላት።

ኢንሱሊን ሙቀት አይወድም። ድሬ ደግሞ ድሬ ናት። መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ መተማመኛ አይሆንም። አባባ ሁለት ማሰሮ ገዛ። ትንሹን ትልቁ ውስጥ አስቀመጠና መሃላቸውን በአሸዋ ሞላው፤ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጣዋል፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍነዋል። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ሌሊት መብራት ከሄደ ፍሪጁ ዝም ሲል ይነቃ ነበር። ድምፁ ሲቆም ማለት ነው። ተነስቶ በባትሪ እያየ ብልቃጧን ከፍሪጁ ወደ ማሰሮው ያዛውራል። ጠዋት ስትነሳ እማዬ መብራት መጥፋቱን እንኳን የማታውቅበት ጊዜ ነበር።

ደብተሩም አለ። ቀን፣ ሰዓት፣ የስኳሩ ቁጥር፣ ስንት ዩኒት እንደወሰደች፣ የት ላይ እንደወጋት። ሆድ ቀኝ፣ ሆድ ግራ፣ ጭን ቀኝ፣ ጭን ግራ። አንድ ቦታ ሲደጋገም ሥጋው ይደድርና መድኃኒቱ በደንብ አይሠራም ስላሉት ተራውን አንድ ቀን አላዛነፈም። ለጠዋትና ለማታ የሚጽፈው ግን የሥራ ልማዱን ነው፤ ፈረንሳይኛውን በአማርኛ ፊደል። ጠዋትን «ማታን»፣ ማታን «ሷር» ይላል። እማዬ መጀመሪያ ሰሞን «ማታን» የሚለውን እያየች «የዛሬ ማታውን ከአሁኑ ጻፍከው እንዴ?» ትለው ነበር። ሲያስረዳት ሳቁ። ከዚያ ወዲያ በቤታችን ማታን ማለት ጠዋት ሆኖ ቀረ። 17 ዓመት፣ 9 ደብተር።

የልጅ ልጆቹ ሰባት ናቸው፤ ሁለቱ አሜሪካ ሜሪላንድ ነው ያሉት። ለእያንዳንዳቸው ከወዳጁ ቶርኖ ቤት ሄዶ የነሐስ ቁልፍ መያዣ ሠርቶ ስማቸውን መትቶበታል። ለክረምት ሲመጡ ለጋሃር ይወስዳቸውና የቆሙትን ፉርጎዎች አንድ በአንድ ያስቆጥራቸዋል። የአዲሱ ባቡር መስመር መስከረም 2009 ተመርቆ በኋላ መንገደኛ መጫን ሲጀምር የእኔን ልጅ ይዞ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ልጄ እስከ ዛሬ የምታወራው አንድ ነገር ነው። አባባ ብርጭቆ ውሃ ሞልቶ ፊቱ አስቀመጠ፤ መንገዱን ትቶ እሱን ብቻ ሲያይ መጣ። አዲስ አበባ ለቡ ጣቢያ ሲደርሱ «አልፈሰሰም» አላት። «አየሽ፣ ጎበዝ ሠርተውታል።» የድሮው ሐዲድ 37 ዓመቱን የሰጠበት ነው፣ ግን አዲሱን አላጣጣለም። ይሄን በጣም እወድለታለሁ።

ያረፈው ሌሊት ነው፣ በእንቅልፉ። ቀብሩ ላይ ሙስሊም ክርስቲያኑ፣ የእድሩ ሰው፣ በምርኩዝ የመጡ የድሮ ባቡር ሠራተኞች ሁሉ ነበሩ። ጎረቤታችን የሐረሪ እናት፣ ከእማዬ ጋር 40 ዓመት ጀበና የተጋሩ፣ ሦስት ቀን ከአጠገቧ አልተነሱም።

ከሰባቱ በኋላ ደብተሩን ከፈትኩት። የመጨረሻው መስመር በዚያው ምሽት የተጻፈ ነው። «ሷር»፣ ቁጥሩ፣ ዩኒቱ፣ ጭን ግራ። እጅ ጽሑፉ ትንሽ ወደ ታች ወርዷል እንጂ አንድም ነገር አልጎደለም።

አሁን ታናሽ ወንድሜ ነው ከእማዬ ጋር ያለው፣ መርፌውንም እሱ ነው የሚወጋት። መጀመሪያ ላይ ደብተሩ ላይ «ጠዋት» ብሎ ጽፎ አስደለዘችው። ዛሬ ከሥራ በፊት ደወልኩላት። ከስልኩ ጀርባ ዘነዘናው ይሰማል፣ ቡና እየወቀጠች ነው። «እማዬ፣ ስንት ወጣ?» አልኳት። 

«ማታን 132» አለችኝ።