ውሃ የቋጠረ ጀልባ

ዛሬ የመጨረሻውን ቀለም ቀባን። እጄ ገና ቲነር ቲነር ይሸታል። ካደርኩበት ዝርዝሩ ይጠፋብኛል ብዬ ሳልተኛ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ጀልባው የአባዬ ነው። አራት ሜትር ተኩል የምትሆን የፋይበር ግላስ ጀልባ። እኔ ሐይቅ ከተማ ነው ተወልጄ ያደግኩት፤ ግማሹን ልጅነቴን ያሳለፍኩት ግን እሱ ጀልባ ውስጥ ነው። አባዬ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ያጠምድበት ነበር። በበዓል ሰሞን ደግሞ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚሄዱ ሰዎችን ያደርስበታል። ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ግን ጀልባው ደንገሉ መሀል ተጎትቶ፣ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ፣ ሦስት ክረምት ዝናብ ሲሞላበት ከረመ።

ኅዳር ላይ በአይሱዙ ጭነን ግቢያችን አመጣነው። ስምንት ሰው ሆነን ስናነሳው ወገባችን ተቆረጠ። ድሮ አራት ሰው ነበር የሚያነሳው። ክብደቱ ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም። አሮጌ ጎማዎች ላይ ገልብጠን አስቀመጥነው።

ሆዱ ሰማያዊ ነው። አባዬ በየዓመቱ ጥምቀት ሲደርስ ይቀባው ነበር። "እንግዳ የሚጭን ጀልባ አዳፋ አይለብስም" ይላል። እኔም በብርጭቆ ወረቀት ነካ ነካ አድርጌ ያንኑ ሰማያዊ ልደግምለት ነበር ሐሳቤ። ወደ ማታ ላይ ግን ፀሐይዋ በጎን ስትመታው ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሆዱ በሙሉ ሽፍታ ነው። ምስር የሚያክል አለ፤ የአምስት ሳንቲም ገንዘብ ስፋት ያለው አለ። አንዱን በካቻቢቴ ጫፍ ወጋሁት። ቡናማ ፈሳሽ ጠብ አለ። ጣት ላይ ያሙለጨልጫል። ሽታው ኮምጣጤ ነው።

ፋይበር ውሃ አያስገባም ሲባል ነው የሰማሁት። ያስገባል፤ በጣም በዝግታ ነው እንጂ። ጄልኮት የሚባለው የላይኛው ቆዳ ውሃውን በዓመታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ያሳልፈዋል። የገባው ውሃ ፋይበሩን በሚያጣብቀው ሬዚን ውስጥ ሳይበስል የቀረውን ኬሚካል ያገኘውና ወፈር ያለ አሲድነት ያለው ፈሳሽ ይሆናል። ያ ፈሳሽ ደግሞ ሌላ ውሃ ይስባል። ቦታ ሲያጣ ቆዳውን ወደ ውጭ ይገፋል። ልክ እንደተቃጠለ እጅ ውሃ ይቋጥራል። እንደኛ ሐይቅ ያለ ጨው የሌለው ውሃ ላይ ከባሕር ይልቅ ይብሳል። እኛ ጋ የባሕር ጀልባን የሚያስቸግሩት ቀንድ አውጣ መሳይ ተጣባቂዎች የሉም፤ አረንጓዴ ሙጫ ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ሆዱ ከላይ ሲታይ ሁሌም ጤነኛ ይመስላል።

ቀለም ብቻ ደራርቤ ልመልሰው አልቻልኩም። ጥልቀቱ 88 ሜትር ይደርሳል በሚባል ሐይቅ ላይ ሰው ጭኖ የሚሄድ ነገር ነው።

በመዶሻ እጀታ እየቆረቆርኩ ፈተሽኩት። ደህናው ቦታ ኳ ይላል። የታመመው ዱብ ይላል፤ እንደ እርጥብ እንጨት። ታናሽ እህቴ ከኋላዬ እየተከተለች ዱብ ያለውን ሁሉ በከሰል ከበበችው። ከሰባ ካለፈ በኋላ መቁጠሩን ተውነው።

አባዬ ምርኩዙን ይዞ ወጣ። ከሰሉን ሲያይ ቆየ። ጣቱን ፈሳሹ ላይ ነክቶ አሸተተው። "ከውሃ ባወጣሁት በማግስቱ ነበር የምቀባው" አለ። "ሳይደርቅ።" ድምፁ ትንሽ ነበር። ልዋሸው አልፈለግኩም። በሽታውን ቀለሙ እንዳላመጣው፣ ግን የገባውን እርጥበት ይዞ እንዳስቀረው ነገርኩት። ደግሞም ያ ቀለም ባይኖር ፀሐዩ ላይኛውን ጠርዝ ይበላው ነበር። ይህም እውነት ነው። ዝም አለ። ጎረቤታችን ሸህ በአጥር በኩል ሰምተውን ኖሮ፣ "አብሽር! ታኅሣሥና ጥር ያለ ዝናብ ናቸው፤ አላህ ያደርቀዋል" አሉት።

መፋቁ ከባዱ ነበር። ግራይንደሩ ሲነሳ ነጭ ብናኝ ግቢውን ሞላው። እማዬ የተሰጣውን ልብስ ሁሉ አስገባች። ፋይበሩ የተሠራበት የመስታወት ክር ቆዳ ውስጥ ገብቶ ሌሊቱን ያሳክካል፤ ጭምብል፣ መነጽርና ረጅም እጅጌ የግድ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር በእጅ ቀጠልኩ። የተከፈተውን ቁስል ሁሉ በሙቅ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩ። ውስጡ የቀረው አሲድ ካልታጠበ ሌላ ውሃ ይስብና አይደርቅም።

ከዚያ መጠበቅ። ሌሊት ጤዛ እንዳያገኘው ሸራ አለብሰዋለሁ፤ ጠዋት እገልጠዋለሁ። መድረቁን የምናውቀው በፌስታል ነው። አንድ ቁራጭ ፌስታል ሆዱ ላይ አንጠፍ፣ ጠርዙን ዙሪያውን በፕላስተር ግጥም አድርግ፣ አሳድረው። በሦስተኛው ሳምንት ፌስታሉ በውስጥ በኩል አላበው። በስድስተኛውም አላበው። በዘጠነኛው ሳምንት ሳልነሳ አባዬ ቀድሞኝ ወጥቶ ነበር። "ና እይ! ደረቅ ነው" ብሎ በመስኮት ጠራኝ።

ሬዚንና ማት የሚባለውን የመስታወት ክር ጨርቅ ፍለጋ ደሴ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚኒባስ ባምፐር የሚጠግን አንድ ልጅ አሠራሩን አሳየኝ። ጉድጓዱ 5 ሚሊ ሜትር ከጠለቀ ዳሩ ዙሪያውን 6 ሳንቲ ያህል እንደ ሰሃን ስስ ሆኖ መፋቅ አለበት፤ አለዚያ አዲሱ ከአሮጌው ጋር አይያያዝም። ማጠንከሪያውን፣ ሃርድነሩን፣ ለአንድ ኪሎ ሬዚን 15 ግራም አደረግኩ። ጠዋት በብርዱ አልያዝ አለ። ቀትር ላይ ደግሞ ጣሳው ውስጥ ፈልቶ ደረቀ። ከዚያ በኋላ በሦስት መቶ ግራም እየከፈልኩ ነው የሠራሁት።

የምወደው ግን ማቱ ሬዚን ሲጠጣ ማየት ነው። ነጩ ጨርቅ ቀስ እያለ ይጠፋል፤ ጨው ውሃ ውስጥ ገብቶ እንደሚጠፋው። ነጭ ሆኖ የቀረ ነጥብ ካለ ሥሩ አየር አለ ማለት ነው፤ በሩሎ እየገፋህ ታወጣዋለህ። እህቴ ዓይኗ ከእኔ ይበልጣል፤ "እዚህ፣ እዚህ" እያለች አንድም አላስቀረችብኝ።

በላዩ ላይ ከመርካቶ በአውቶቡስ የተላከልኝን ኤፖክሲ አምስት ጊዜ ለበጥኩት። ውሃውን የሚከለክለው እሱ ነው። ስቱኮው፣ ማለስለሱ ሁለት ቀን ፈጀ።

ዛሬ ሰማያዊውን አባዬ ራሱ መረጠው፤ ያንኑ የድሮውን። በርጩማ አመጣሁለት። የኋላውን በኩል ተቀምጦ ቀባ፤ ከመቅባቱ በፊት ግን በመዳፉ ዳሰሰውና "ደርቋል?" አለኝ።

የአይሱዙው ሾፌር ቅዳሜ ይመጣል፤ የበልጉ ደመና ከአሁኑ መሰብሰብ ጀምሯል። አባዬ በረንዳው ላይ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ በዘይት ጨርቅ እያሸ ነው።