የ70 ሜትር ፍላጻዎቼን በቤቴ ስሠራ፦ ዘንግ ከመቁረጣችሁ በፊት

ለረጅም ርቀት የሚሆኑ የካርቦን ፍላጻዎችን በጋራዤ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ የተማርኩትን እንድጽፍ ያስገደደኝ ቁጭት ነው፤ ከሥራው ሁሉ ቀላል የሚመስለው ዘንጉን በልክ የመቁረጥ ሥራ ከሁሉም የበለጠ ገንዘብና ትከሻ የሚያስከፍል መሆኑን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የምኖረው ኮሎራዶ ውስጥ ሲሆን የምወረውረው በኦሊምፒክ ውድድር በሚታየው ዓይነት ደጋን፣ በ70 ሜትር ርቀት ላይ ነው። በዚያ ርቀት የኢላማው ወርድ 122 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አሥር ነጥብ የሚያሰጠው የመሐል ክብ ግን 12.2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በ18 ሜትር ላይ የማይታወቅ የፍላጻ ጉድለት እዚያ ሲደርስ በግልጽ ይታያል።

አብዛኛው ሥራ ትዕግሥት ላለው ሰው አስቸጋሪ አይደለም። የዘንጉን የውስጥ ግድግዳ አልኮል በነካ ጥጥ ማጽዳት፣ የብረቱን ጫፍ በዝቅተኛ ሙቀት በሚቀልጥ ሙጫ ማጣበቅ፣ ሦስቱን ክንፎች በመለጠፊያ መሣሪያው ላይ እኩል አራርቆ መትከልና ከኋላ አውታሩን የሚነክሰውን ኖክ መግጠም በአንድ ምሽት የሚለመዱ ነገሮች ናቸው። ሙጫውን ስታቀልጡ እሳቱ የሚነካው ብረቱን እንጂ ካርቦኑን መሆን የለበትም፤ ከመጠን በላይ የሞቀ ዘንግ ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ይጎዳል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስመጣ፣ ፍላጻ ከጣት ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ አይሄድም። አውታሩ ከጣቶች ላይ ሲንሸራተት ወደ ጎን ስለሚገፋው ዘንጉ የደጋኑን እጀታ እየታጠፈ ያልፍና ከዚያ በኋላ ነው ራሱን የሚያቃናው። ስለዚህ የዘንጉ ግትርነት ከደጋኑ ጉልበት ጋር መመጣጠን አለበት። ግትርነቱ የሚለካው ዘንጉን 28 ኢንች በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ አጋድሞ መሐሉ ላይ 880 ግራም በማንጠልጠል ነው፤ ግማሽ ኢንች ከጎበጠ 500 ይባላል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዘንጉ ይለሰልሳል። ዘንጉ ሲያጥር ደግሞ ይገትራል፤ አንዴ ያጠረውን የሚያስረዝም ጥበብ የለም።

የመጀመሪያዎቹን ዘንጎቼን የገዛሁበት ሱቅ ሻጭ የደጋኔን ክንድ (ሲሳብ የሚታጠፈውን ክፍል) ገልብጦ 36 ፓውንድ የሚለውን ቁጥር አነበበ፣ ጣቱን በአምራቹ ሰንጠረዥ ላይ አስኬደና ባለ 600 ዘንጎች አወጣልኝ። ልኬን ሳይጠይቅ ሰንጠረዡ በሚለው ርዝመት ሁሉንም ቆረጣቸውና ለመቁረጡም አስከፈለኝ። ክንዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚሠራው 25 ኢንች እጀታ ላይ ተገጥሞ አውታሩ እስከ 28 ኢንች ሲሳብ ነው፤ የእኔ መሳቢያ፣ ማለትም አውታሩን የምስብበት ርዝመት፣ ግን 26 ኢንች ተኩል ነው። ለእያንዳንዱ ኢንች ሁለት ፓውንድ ያህል ስለሚቀንስ ጣቶቼ ላይ የሚያርፈው 33 ፓውንድ ገደማ ነበር። ፍላጻው የሚያውቀው ይህንን ክብደት ብቻ ነው፤ ክንዱ ላይ የታተመውን አያነብም።

ውጤቱን ለማየት ብዙ መጠበቅ አላስፈለገኝም። ክንፍ የሌለው ዘንግ ክንፍ ካላቸው ጋር አብሮ ሲወረወር፣ በቀኝ እጁ ለሚስብ ሰው ዘንጉ ከግራ ካረፈ ገታራ፣ ከቀኝ ካረፈ ለስላሳ መሆኑን ያሳያል። የእኔዎቹ ያረፉት ከጓደኞቻቸው እጅግ ርቀው በግራ በኩል ነበር። ወደ ሱቁ ተመልሼ ስጠይቅ ከፊት ከባድ ጫፍ እንድጨምርና የክንዶቹን ብሎን እንዳጠብቅ ተመከርኩ፤ ሁለቱም ዘንጉ ሲለቀቅ ይበልጥ እንዲታጠፍ ስለሚያደርጉ ምክሩ በወረቀት ላይ ትክክል ነው። በተግባር ግን ከባዱ ጫፍ ፍላጻውን ስላከበደው አቅጣጫው ወደ መሬት ያደላ ጀመር፤ 70 ሜትር ለመድረስ ማነጣጠሪያውን ዝቅ ሳደርግ የተለቀቀው ፍላጻ ክንፍ እስኪነካው ድረስ ወረደ። ብሎኑ ሲጠብቅ የጨመረው ሁለት ፓውንድ ደግሞ ምንም ያህል ትንሽ ቢመስል፣ በቀን ከመቶ በላይ ጊዜ ሲሳብ ትከሻዬን አሳመመኝና ለተወሰነ ጊዜ ደጋኑን ሰቀልኩት። ሻጩ ያጠፋው አሥር ደቂቃ የማትፈጅ ልኬታ ባለመውሰዱ ነው፤ ያንን ሳስብ እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን የማደርገውን ልናገር። በውጭ አገር ባለን ሰዎች ቤት የሻንጣ መመዘኛ መቼም አይጠፋም፤ ሁለቱ 23 ኪሎ ሻንጣዎች አስተምረውናል። መንጠቆውን አውታሩ ላይ አጋብታችሁ ፍላጻ እንደምትስቡት ያህል ስባችሁ የሚያሳየውን ክብደት አንብቡ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ሰንጠረዡን ክፈቱ። ሰንጠረዡ ከሚያመለክተው ርዝመት ይልቅ ሳይቆረጥ እንደመጣ እዘዙት፤ ሱቁ «በነጻ እንቆርጥላችኋለን» ቢልም እምቢ በሉ። እኔ ባለ 800 ዘንጎችን ሙሉ ርዝመታቸውን ይዘው ገዛሁ፤ ሁለቱን ያለ ክንፍ እየወረወርኩ ከሩብ ኢንች በማይበልጥ መጠን ቆረጥኳቸው፤ ከቀኝ የጀመረው አረፋፍ ወደ መሐል ሲቀርብ ቆምኩና የቀሩትን በዚያ ልክ አስተካከልኳቸው። ብዙ መመሪያዎች መጀመሪያ ሁሉንም ሠርታችሁ ጨርሱ፣ ከዚያ ደጋኑን አስተካክሉት ይላሉ፤ ይህ ለሻጭ የሚጠቅም ቅደም ተከተል ነው እላለሁ።

መቁረጫው በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከር የድንጋይ ዲስክ መሆን አለበት፤ ብረት መጋዝና የቧንቧ መቁረጫ ካርቦኑን ይሰነጥቁታል። ብናኙ ሳንባ ውስጥ እንዳይገባ ጭንብል አድርጉ፤ ብናኝ መሳቢያም አጠገቡ አስቀምጡ። ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ዘንጉን በሁለት እጅ ቀስ አድርጋችሁ አጉብጡና ድምፁን አዳምጡ፤ የተሰነጠቀ ካርቦን በሚለቀቅበት ቅጽበት ተሰብሮ እጅ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይህን ፍተሻ በስንፍና የሚዘል ሰው አይኑር።

ክብደት ማመሳሰልን በሚመለከት፣ ሚዛን ገዝቼ በግሬን መዝኛለሁ፤ አንድ ግሬን 0.065 ግራም ያህል ነው። ቀላሉን ዘንግ ከበድ ካለው ጫፍ፣ ከባዱን ዘንግ ቀለል ካለው ጫፍ ጋር አጣምሬ ልዩነቱን ወደ አንድ ግሬን ካቀረብኩ በኋላ ሥራዬን አቆማለሁ። ከዚያ በታች ያለውን ማሳደድ፣ የእኔ ዓይነት እጅ ላለው ሰው፣ የሚያስደስት ከንቱ ድካም ነው። ይልቅ ለእያንዳንዱ ፍላጻ ቁጥር ጻፉለትና ሁልጊዜ ከጓደኞቹ የሚለየው የትኛው እንደሆነ መዝግቡ። ያንን ከመጣላችሁ በፊት ኖኩን በመጠኑ አዙራችሁ ሞክሩት፤ የካርቦን ዘንግ በሁሉም ጎኑ እኩል ስለማይገትር ሲዞር ወደ መስመር የሚመለስ አለ። የእኔ 7 ቁጥር በዚህ መንገድ ከመጣል ድኗል፤ አሁን ለውድድር ከምይዛቸው አንዱ ነው።

ክንድ ስትቀይሩ፣ ወይም አሠልጣኝ አቋማችሁን አስተካክሎ መሳቢያችሁ ሲረዝም፣ ያ ሁሉ ሥራ እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ አቋማቸው ገና ያልረጋ ጀማሪዎች ርካሽ ዘንግ በረጅሙ ይዘው ቢቆዩ እመርጣለሁ፤ ውዱን ለመግዛት መሳቢያችሁ ለአንድ ሙሉ ክረምት ሳይቀየር እስኪቆይ ጠብቁ።