41 በመቶ የወጣው ፋጉሎ

የዶሮ መኖ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ በምሠራበት ጊዜ ነው። አንድ አቅራቢ ያመጣው የኑግ ፋጉሎ ኬልዳል በሚባለው የላብራቶሪ ዘዴ ሲለካ ፕሮቲኑ 41 በመቶ ወጣ። የግዢ ሰዎች ደስ አላቸው፤ እኛ ጋ የሚገባው የኑግ ፋጉሎ ከ31 ብዙም አይርቅማ። ጋሼ የምንላቸው የክፍላችን አንጋፋ ግን ውጤቱን አይተው፣ "ይሄ ኑግ ነው አኩሪ አተር?" አሉ።

ኬልዳል የሚለካው ናይትሮጂንን እንጂ ፕሮቲንን አይደለም። ናሙናው በትኩስ ሰልፈሪክ አሲድ ሲፈርስ ያ የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ሁሉ ድራሹ ይጠፋና ናይትሮጂኑ በአሞኒያ መልክ ይለካል። ፕሮቲን በአማካይ 16 በመቶው ናይትሮጂን ስለሆነ የተገኘውን በ6.25 እናባዛለን። ናይትሮጂኑን ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ማዳበሪያው ዩሪያ ደግሞ 46 በመቶው ናይትሮጂን ነው፤ በስሌቱ 287.5 በመቶ "ፕሮቲን" ማለት ነው! በኩንታል አራት ኪሎ ያህል ከተቀላቀለ 31 የነበረው 41 ይሆናል።

ጋሼ አዲሱን ተመራቂ አኩሪ አተር እንዲያመጣ ላኩት። ፈጨው፣ ከናሙናው ጋር በለብ ያለ ውኃ በጠበጠው፣ አሞኒያ ሲነካው ሰማያዊ የሚሆነውን ወረቀት፣ ቀይ ሊትመስ፣ ነከረበት። ቀለሙ አልተለወጠም።

"ጋሼ፣ ንጹሕ ነው።"

"የተቆላውን አምጥተህ ነዋ! ጥሬውን አምጣ።"

ጥሬ አኩሪ አተር ትሪፕሲንን (ሆድ ውስጥ ፕሮቲን የሚፈጨውን ኢንዛይም) የሚያግድ ፕሮቲን ስላለው ሳይቆላ ለዶሮ አይሰጥም። እሳቱ ግን አኩሪ አተሩ ውስጥ ያለውን፣ ዩሪያን ወደ አሞኒያ የሚሰባብረውን ዩሪዬዝ የተባለ ኢንዛይምም አብሮ ያበላሻል፤ የተጣጠፈበት ቅርጽ ይፈታና ሥራው ይቀራል። (ኬልዳል ይህንንም አያይም፤ ለእሱ የሞተውም የሚሠራውም ኢንዛይም አንድ ነው።) አሜሪካዊው ኬሚስት ጄምስ ሳምነር እ.ኤ.አ. በ1926 በክሪስታል መልክ አውጥቶ ኢንዛይም ፕሮቲን ነው ያለው ይህንኑ ዩሪዬዝን ይዞ ነው።

በጥሬው ሲሞከር ሊትመሱ ሰማያዊ ሆነ፣ የአሞኒያው ሽታም አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከቀድሞ ጭነት የተረፈውን ፋጉሎ አጠገቡ እንዲሁ በጥብጠን ነበር፤ እሱ ቀይ እንደሆነ ቀረ።

አቅራቢው ተጠርቶ፣ "ለከብት ይሰጣል አይደል እንዴ?" አለ። አልዋሸም፤ የከብት ሆድ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ከዩሪያው ናይትሮጂን የራሳቸውን ፕሮቲን ይሠራሉ፣ ከብቷም እነሱን ትፈጫለች። ዶሮ ግን እንዲህ ያለ ሆድ የላትም። ጭነቱ በዚያው ቀን ተመለሰ።