«ለታይታ ነው»
ዛሬ ልጄን የኩፍኝ ክትባት አስከትቤ፣ ክንዷ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽዬ ፕላስተር ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ «ለታይታ ነው»፣ «ጥሩ አባት ለመባል» የሚል ኮመንት ተግተለተለ።

እውነቱን ልናገር? ትንሽ ታይታ አለበት። ላይክ አልጠላም። ፎቶውንም ሦስቴ ነው ያነሳሁት፤ በመጀመሪያው አፏን ከፍታ እያለቀሰች ነበር።

ግን የእኔ ታይታ ስለ ክትባቱ ምን ይነግረናል? ኩፍኝ እንደሆነ የሰው ልብ አይመረምርም። አንድ በሽተኛ ያልተከተቡ ሰዎች መሃል ቢገባ ከ12 እስከ 18 ለሚሆኑት ሊያስተላልፍ ይችላል። ስርጭቱን ለመግታት ከ100 ሰው 95 ያህሉ መከተብ አለበት። ለክትባት ያልደረሰ ጨቅላ የሚጠለለው በእኛ ነው። ፈንጣጣ እ.ኤ.አ. በ1980 ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅም፣ ክንዱን የሰጠው ሁሉ ልቡ ንጹህ ነበር ብዬ አላምንም።

በዚህ ሁሉ መሃል አንዲት እናት «ልጄ ከተከተበች በኋላ አተኮሳት፣ ምን ላድርግ?» ብላ ጠይቃለች። ማንም አልመለሰላትም። እኛ ስለ እኔ ፀባይ እየተከራከርን ነበራ! «ቀላል ትኩሳት የተለመደ ነው፣ ከበረታ ግን ሐኪም ያይልሽ» ብዬ ኢንቦክስ ጻፍኩላት። እስካሁን አላየችውም።