ብስክሌቴ ያለ እኔ የሄደው 19 ኪሎ ሜትር

ነገሩ ከተፈጸመ ዛሬ አምስተኛ ቅዳሜው ነው፤ እኔ ግን አሁንም ሌሊት በባነንኩ ቁጥር የጋሼ ድምፅ ይሰማኛል፦ «የት ላይ ነው፣ ልጄ? አብረን አልነበርንም እንዴ?»

ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ አራት ሆነን በዋሽንግተን አጠገብ፣ ቨርጂንያ ውስጥ ካለችው ከፎልስ ቸርች እንነሣና በአሮጌው የባቡር መስመር ላይ በተሠራው የብስክሌት መንገድ ወደ ሬስተን እንሄዳለን። ሦስታችን በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለን፣ የእሽቅድምድም ብስክሌት የገዛን፣ ልብሳችን ከቦርጫችን ጋር የተጣበቀ ሰዎች ነን። አራተኛው ጋሼ ናቸው። 67 ዓመታቸው ነው፤ ብስክሌታቸው ከፊት ለፊቱ ቅርጫት አለው፤ በቅርጫቱም ውስጥ ፔርሙዝና ድፎ ዳቦ ይጓዛል። ሁልጊዜ ቀድመውን ስለሚደርሱ እኛ እያለከለክን ስንመጣ ሻዩ ተቀድቶ ይጠብቀናል።

ፍጥነቴ የሚታማውን ያህል አለመሆኑን በቁጥር ማረጋገጥ ስለፈለግሁ ገመድ አልባ የብስክሌት ኮምፒውተር፣ ፍጥነትና ርቀት የሚቆጥር ትንሽ መሣሪያ፣ በ22 ዶላር አዘዝኩ። ከመግዛቴ በፊት የገዢዎችን አስተያየት ሳነብ ሁለት ሌሊት አምሽቻለሁ፤ ከሁሉም ይበልጥ ያሳመነኝ «ገና አልገጠምኩትም፣ ማሸጊያው ግን እጅግ ያምራል» ብሎ አምስት ኮከብ የሰጠው ሰው ነበር። የአጠቃቀም መመሪያው በአሥራ አንድ ቋንቋ ተጽፎ መጣ። አማርኛ የለበትም። የዋሽንግተን ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ ምክንያት ቅጾቹን በአማርኛ ሲያትም፣ በዚህ አካባቢ ታክሲ ተሳፍሮ አማርኛ ሳይሰማ የሚወርድ ሰው ብርቅ ሆኖ ሳለ፣ የፊንላንድ ቋንቋ የተገኘለት ወረቀት እኛን መዝለሉ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለማንኛውም ማግኔቱን ከፊት ጎማ ሽቦዎች በአንዱ ላይ አሰርኩ፤ ምልክት ላኪውን ከማግኔቱ አምስት ሚሊ ሜትር ሳይርቅ ገጠምኩ፤ የ700 በ25 ጎማ ዙሪያ 2105 ሚሊ ሜትር መሆኑን በአንዲት ቁልፍ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ስጫን ቆይቼ አስገባሁ።

በዚያ ቅዳሜ ሬስተን ደርሰን ብስክሌቶቻችንን አጥሩ ላይ አስደግፈን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥን። ስወርድ አማካይ ፍጥነቴ በሰዓት 21.8 ኪሎ ሜትር እንደሆነ አይቼ ነበርና ስለ እሱ ዝም አልኩ፤ ከፍተኛው ግን 88.5 ይል ነበር። ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ፣ እንደ ዋዛ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ዛሬ 88 ነክቻለሁ» አልኩ። ጋሼ ስኒያቸውን አስቀምጠው ያችን ጥያቄ የጠየቁኝ ይኼኔ ነው። ልጄ ማለታቸው የባሰ አሳፈረኝ። ማስረጃዬን ላሳያቸው ተነሥቼ ወደ ብስክሌቴ ሄድኩ፤ እሳቸውም ተከተሉኝ።

ብስክሌቴ አጥሩን እንደተደገፈ፣ ጎማው ሳይዞር፣ በሰዓት 57 ኪሎ ሜትር እየበረረ ነበር።

ሻይ በጠጣንበት 20 ደቂቃ ውስጥ 19 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ይህም ማለት ዳቦው ሲቆረስ ሄርንደንን አልፎ፣ እኔ ስለ 88ቱ በምደሰኩርበት ሰዓት ስተርሊንግን ተሻግሮ፣ ሦስተኛው ስኒ ሳያልቅ አሽበርንን ኋላው ትቶ ወደ ሊዝበርግ እየገሰገሰ ነበር። ከሁሉ የከፋው አማካይ ፍጥነቱ ነው፤ እኔ ስወርድ 21.8 የነበረው 31 ሆኖ ጠበቀኝ። ከላዩ ላይ የተነሣው ሸክም እኔ ብቻ ስለሆንኩ የዘጠኙ ኪሎ ሜትር ልዩነት ምክንያት ማን እንደሆነ መርማሪ አያስፈልገውም። ጋሼ አንዳች ሳይናገሩ ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮ ቀረጹና ለዕድራችን የቴሌግራም ቡድን ላኩት። ማታ ባለቤቴ፣ «እንግዲያው ቅዳሜ ብስክሌቱን ብቻ ብትልከውስ? አንተ ልጆቹን ትይዛለህ» አለችኝ። ቀልድ መሆኑን እስካሁን አላረጋገጥኩም።

ጥፋተኛው ከራሳችን በላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1968 ሥራ ሲያቆም መሬቱን የገዛው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ስለነበር፣ 72 ኪሎ ሜትር ከሚረዝመው ከዚህ መንገድ ብዙው ክፍል የሚያልፈው በከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ ሽቦዎች ሥር ነው። የእኔ ዓይነቱ ርካሽ መሣሪያ ማግኔቱ ባለፈ ቁጥር አንዲት ቀላል የሬዲዮ ምት ይልካል እንጂ ምቷ የማን እንደሆነች የሚለይበት ኮድ የለውም፤ ስለዚህ ከኤሌክትሪክ ሽቦው የሚመጣውን የሬዲዮ ጩኸት፣ አንዳንዴም ጎን ለጎን የሚነዳውን ሰው ምት ሳይቀር፣ የጎማዬ ዙር አድርጎ ይቆጥራል። ይህን ለማወቅ ሦስተኛ ሌሊት አመሸሁ። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ግን፣ ብሉቱዝ ወይም አንት ፕላስ የሚባለውን ዘዴ የሚጠቀሙት፣ መጀመሪያ ከራሳቸው ምልክት ላኪ ጋር ስለሚተዋወቁ የባዕድ ምት አይቀበሉም። በሳተላይት ብቻ የሚለኩት ደግሞ ማግኔት አያሻቸውም፤ ሆኖም ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ሥር ፍጥነታቸው ይዋዥቃል፤ የቨርጂንያን በጋ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ በመጨረሻ በሦስት እጥፍ ዋጋ ሁለቱንም የያዘውን ገዛሁ፤ የሚያምር ማሸጊያም አልነበረውም።

አዲሱ ኮምፒውተር ሽቦው ሥር ሲቆም ዜሮ ይላል። ባለፈው ቅዳሜ አማካይ ፍጥነቴን 21.6 አለኝ፤ ከአሮጌው በ0.2 ያነሰ ነው፤ ይህችን 0.2 ለማንም አልተናገርኩም። ጋሼ አሁንም ኮምፒውተር የላቸውም፤ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ጋ በደረስን ቁጥር ግን ከፊት ሆነው ዘወር ይሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ፍሬን ያዝ፣ ልጄ! ከዚህ በኋላ ይፈጥናል!» ይሉኛል።